የትከሻው ምልክት

ለውድ ወንድሜ ለደገፉ ኤርካሎ
ባለህበት ጆሃንስበርግ

ውድ ወንድሜ ደገፉ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? አምና ያሠቃየህ ወገብህስ ተሻለው? እንቅልፍ ትተኛለህ? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ አሁንም በዳቦና በለስላሳ ነው የምትውለው? በስልክ ድምጿን፣ በፎቶ ፊቷን ብቻ የማውቃት እጮኛህ ምሕረትስ ደህና ናት? አብረውህ የሚኖሩት የአገር ልጆችስ? ለሁሉም ሰላምታዬን በየስማቸው አድርስልኝ። የእኔን ከጠየቅህ፣ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ልማዴ ነበር። ዛሬ ግን «በስተቀሩ» ከደህናው በዛብኝ።

ይህ ደብዳቤ እጅህ ከገባ ይዞት የመጣው ባዳቾ መርዶውን ነግሮሃል ማለት ነው። ቃል አስገብቼዋለሁ። በማለዳ፣ ወደ ሥራ ሳትወጣ፣ የአገር ልጆች አጠገብህ ተቀምጠው እንዲነግርህ፤ አልቅሰህ ሲወጣልህ ኮቱን እንዲሰጥህ፤ ከኮቱ በኋላ ደብዳቤውን። ቅደም ተከተሉን ሦስት ጊዜ አስደግሜዋለሁ፤ ባዳቾን ታውቀዋለህ፣ ሲጨንቀው ሁሉንም ባንዴ የሚዘረግፍ ልጅ ነው። ቀላቅሎብህ ከሆነ ይቅር በለው፣ መንገዱን ሙሉ ይህን ተሸክሞ መምጣት ለእሱም ከባድ ነው።

አዎ ወንድሜ፣ አባባ ነሐሴ 12 ቀን ዐርፏል። በመስከረም ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ እንኳን አደረሳችሁ ልትለን በጋሽ ነስረዲን ሱቅ ስልክ ስትደውል «አባባ ቤተክርስቲያን ሄዷል፣ ተሽሎታል» ያልኩህ እኔ ነኝ። ያኔ ከተቀበረ ወር አልፎት ነበር። የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች «በሰው አገር ብቻውን በስልክ ሰምቶ ምን ይሁን፣ የሚነግረው ሰው እስኪገኝ ይቆይ» አሉ፣ እኔም እሺ አልኩ። አንተ «ሰላም በይልኝ» ስትለኝ «እሺ እለዋለሁ» አልኩህ። ስልኩን ዘግቼ የልባሽ ልብስ ክምሩ ላይ ፊቴን ደፋሁ። የጋሽ ነስረዲን ባለቤት እትዬ ሲቲ ደንበኛ አስወጥተው ሱቁን ዘግተው አብረውኝ አለቀሱ።

ግን የምጽፍልህ ለዚህ አይደለም። መርዶው ሁለት ነው። አንዱን ባዳቾ ነግሮሃል፤ ሁለተኛውን ከእኔ በቀር የሚነግርህ የለም፣ እሱም ስለ ኮቱ ነው። ምናልባት አሁን ጭንህ ላይ አድርገኸው ትከሻውን እያገላበጥክ «የታለ?» እያልክ ይሆናል። አትፈልገው። የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እንዴት እንደ ሆነ ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ከዚያ እንደ ፈለግህ ፍረድብኝ።

ሥራዬን ታውቃለህ። አንዴ በስልክ ለምሕረት «እህቴ የልብስ ሐኪም ናት» ስትላት ሰምቼህ ሳምንት ሙሉ ኮርቻለሁ። አንተ ስትሄድ ሐዋሳ ላውንደሪ ቤት ነበርኩ፤ ወደ ሶዶ ተመልሼ ጋሽ ነስረዲን ዘንድ ከገባሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የልባሹ ልብስ ቦንዳ ሲፈታ ከመቶ ልብስ ሃያው የሆነ ነገር የነካው ነው፤ የወይን ጠጅ፣ ቀለም፣ ዝገት፣ የማን እንደ ሆነ የማላውቀው ደም። ያንን የማስለቅቀው እኔ ነኝ። ጋሽ ነስረዲን ደግሞ እድፍ የሚባል ቃል ሱቃቸው ውስጥ አይወዱም፣ ደንበኛ ይሸሻል ይላሉ። «ምልክት» ነው የሚሉት። ጠዋት ጠዋት አንዱን ሸሚዝ ወይ ቀሚስ አንስተው ይሰጡኝና «ትርፌ፣ ይቺን ምልክት አደራ» ይሉኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን አሥር ጊዜ ይህን ሰምቻለሁ። እኔም ሳላውቀው ይህንኑ ማለት ለመድኩ። ቤት ውስጥ እንኳ ልጄ ሰገነት ዩኒፎርሟ ላይ ወጥ ስታንጠባጥብ «ምልክት አደረግሽበት» ነው የምላት።

ደብዳቤህ በነሐሴ መጀመሪያ ደረሰን። በጥር ልታገባ እንደ ሆነ፣ የአባባን ኮት ለብሰህ መሞሸር እንደምትፈልግ፣ ባዳቾ ሲመጣ እንድልክልህ ጽፈህ ነበር። ከሥር ደግሞ ለብቻዋ አንዲት መስመር፦ «የትከሻውን ምልክት አደራ።» ደገፉ፣ ይህችን መስመር አሁን ሳያት ሌላ ናት። ያኔ ግን በጋሽ ነስረዲን ድምፅ ነው ያነበብኳት። የምሕረት ዘመዶች ፊት የቆሸሸ ኮት እንዳትለብስ፣ እንዳያፍሩብህ የፈለግህ መሰለኝ። ወንድሜ ሙያዬን አምኖ አደራ ሰጠኝ ብዬ ደስ አለኝ።

አባባን ያኔ «ትንሽ አሞታል» ብለን ነበር የነገርንህ። ትንሽ አልነበረም። በሰኔ ግራ ጎኑን ሽባ አድርጎት አንደበቱንም ዘግቶበት ነበር። የሚታዘዝለት ዓይኑና ቀኝ እጁ ብቻ ነው። እማማ ደግሞ ያን ሳምንት ጉኑኖ ለአጎቷ ለቅሶ ሄዳለች፤ አልሄድም ብላ ስታለቅስ «እኔ አለሁ አይደል ወይ» ብዬ ገፋፍቼ የላክኋት እኔው ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤህ ሲነበብ ቤት ውስጥ ያለነው አባባና እኔ ነበርን። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ሠርጉ ሳነብ ዓይኑ በራ። የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣ፣ ወደ ላይ አነሳ፣ አምስቱንም ጣቶቹን ዘረጋ። እንዲያ አድርጎ ቆየ። ውሃ የፈለገ መስሎኝ ውሃ አመጣሁለት። አየኝ፣ እጁን አወረደ፣ ውሃውንም ጠጣው። ለእኔ ሲል ነው የጠጣው።

በማግስቱ ኮቱን ከሳጥኑ አወጣሁት። መቼም ያንን ኮት አንተም እኔም እኩል እናውቀዋለን፤ አባባ ወንጂ አገዳ ሲቆርጥ በነበረበት ጊዜ ከአንድ ግሪክ ልብስ ሰፊ የገዛው፣ ያ ጥቁር ቡናማ ሱፍ፣ ገበሩ ሐር። የሰፈራችን ወንድ ሁሉ ተሞሽሮበታል። አጭሩም ረጅሙም፣ ቀጭኑም ሆዳሙም። እጅጌው የሚያጥረው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ፎቶ ይነሳል፣ የማይቆለፍለት መጽሐፍ ቅዱሱን ሆዱ ላይ ይይዛል። አባባ አንድም ቀን ለማንም እምቢ ብሎ አያውቅም። ኮቱ ላይም የሁሉም ሠርግ ትንሽ ትንሽ ቀርቶ ነበር።

አባባ እንዲያየኝ አልጋው ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘረጋሁ። አንድ በአንድ እያሳየሁት የማን እንደ ሆነ እገምታለሁ፣ እሱ በዓይኑ ይመልስልኛል። እጅጌው ላይ የሻማ ሰም ነበር፤ መብራት በሄደበት በዚያ በኤልያስ ሠርግ የተንጠባጠበ። በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብዬ አነሳሁት፣ የቀረውን ወረቀት ደርቤ ለብ ባለ ካውያ ለወረቀቱ አጠጣሁት። ደረቱ ላይ የሚሪንዳ ነበረበት፤ ሙሽራው ሲስቅ ከአፉ ያመለጠው ብዬ ስል አባባ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ኪሱ ውስጥ የእስክሪብቶ ቀለም ነበር፤ በወተት ባራስኩት ጥጥ ጫን አነሳ፣ ጫን አነሳ እያደረግሁ ከዳር ወደ መሐል ሰበሰብኩት። ሐሩ ላይ ግን የእንሰት ውሃ የነካው አለ፣ እሱን ተውኩት። የእንሰት ውሃ በሐር ላይ ከገባ የሚወጣው ከነሐሩ ነው፤ አላዋቂ በረኪና አፍስሶበት ቀዳዳ ይታቀፋል።

ይህን ሁሉ የምዘበዝብህ ዋናውን ለመሸሽ ነው፣ ታውቅብኛለህ።

ግራ ትከሻው ላይ የቅቤ ምልክት ነበር። የቆየ፣ አቧራ የጠጣ፣ የጠቆረ። መሐሉ ሰፋ ያለ ነው፣ ከእሱ አራት ረዘም ረዘም ያሉ ጥላዎች ወደ ደረት ይወርዳሉ። አይቼዋለሁ ደገፉ፣ አላየሁም ብዬ አልዋሽህም። የጣት ነገር ነው ብዬም አስቤያለሁ። አንዷ የሙሽራ አክስት በቅቤ እጇ ልታስጨፍረው የያዘችው መሰለኝና እንዲያውም ተናደድኩባት። ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ቤንዚን ቢነካው በአምስት ደቂቃ ይለቅ ነበር፣ ግን የሱፉን ቀለም ይዞት ይሄዳል፣ ሽታውም ዓመት አይለቅም። ስለዚህ በትዕግሥት። መጀመሪያ የእንዶዱን ውሃ ከውስጥ በስፌቱ ጥግ ሞከርኩት፣ ቀለሙን አልነካም። ጠመኔ ፈጭቼ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ ነሰነስኩበት፣ አሳደርኩት፣ በለስላሳ ብሩሽ አራገፍኩት። ሦስት ቀን እንዲያ። በመጨረሻ የእንዶዱን አረፋ ብቻ በጨርቅ እያነሳሁ፣ ሳላሽ፣ ሳልፈትግ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅሁት፤ ሳልጨምቅ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ክረምትም ስለሆነ ከምድጃው ርቆ በጥላ አደረቅሁት። ስጨርስ ሱፉ አንድ ክሩ እንኳ አልተነቀለም። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

በእነዚያ ሦስት ቀናት አባባ ሁለት ጊዜ እጁን አንስቷል። ሁለት ጊዜም ውሃ ሰጥቼዋለሁ። አንዴ ከጉሮሮው ድምፅ ሲያወጣ «አይዞህ አባባ፣ አሳምሬ ነው የማጠፋው» አልኩት።

እማማ በመጣች በሁለተኛው ቀን ጠናበት። ሆስፒታል ወሰድነው፣ እዚያ አንድ ቀን አድሮ በማግስቱ ወደ ጌታው ሄደ። በሰላም ነው የሄደው፣ እማማ እጁን ይዛዋለች። ቀብሩ ላይ የመጣውን ሰው ብታይ! በዚያ ኮት የተሞሸሩት ሁሉ መጥተው ነበር፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሙሽሮች፣ በዝናብ ቆመው።

በሦስተኛው ቀን እማማ ኮቱን አምጪልኝ አለችኝ። በነጠላ ሸፍኜ አስቀምጬው ነበርና አልታየም። አውጥቼ ሰጠኋት። ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሐዘን መሐል እንኳ እንድታደንቀኝ ጠብቄ ነበር። ግራ ትከሻውን አየች። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ አየች። ቀኙን አየች፣ ተመልሳ ግራውን አየች። ስትጨነቅ አማርኛዋ እንደሚጠፋባት ታውቃለህ፣ «ኩሺያ» ብቻ ነበር የምትለው፣ «ኩሺያ፣ ኩሺያ»፣ እጁን፣ እጁን። መዳፏን ባዶው ሱፍ ላይ እያዘዋወረች ትፈልገዋለች።

ከዚያ ነው ያንን ጠዋት የነገረችኝ። አንተ በጊፋታ ማግስት ልትሄድ ስትል ኮቱን ለብሰህ ቆመህ እንደ ነበር፤ አባባ ቅቤ በራስህ ላይ አድርጎ እንደ መረቀህ፤ «ለመንገድ ይከብድሃል፣ ለሠርግህ እጠብቅልሃለሁ» ብሎ በዚያው ቅቤ በነካው እጁ ግራ ትከሻህን ይዞ ብዙ እንደ ቆየ። ከሄድክ በኋላ እማማ ልታጥበው ብትነሳ «ተይው፣ ልጄን የያዝኩት በእሱ ነው» እንዳላት። ለአራት ዓመት ለማንም ሙሽራ አላዋሰም። እኔ ከሐዋሳ ስመለስ ኮቱ ለምን እንደማይወጣ ጠይቄ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም አልልም፤ አልጠየቅሁም። ለአንተ ምልክት ማለት ምልክት ነበር። ለእኔ ብቻ ነው እድፍ የሆነው።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ግን ለእማማም ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ፣ ለአንተ ካልነገርኩህ ለማንም አልነግረውም። ትከሻው የጸዳ ዕለት ኮቱን ደስ እያለኝ አባባ ፊት ዘረጋሁት። ቅቤ የበዛበት ገንፎ እየበላ ነበር፤ በቀኝ እጁ ራሱ ካልበላ አይሆንለትም። ትከሻውን ብዙ አየው። ከዚያ እጁን ከሳህኑ አንስቶ ቀስ ብሎ ወደ ኮቱ ሰደደ። ልክ በቦታው ሊያሳርፈው ሲል «ኧረ አባባ፣ አሁን እኮ ነው ያጸዳሁት!» ብዬ ኮቱን ነጠቅሁት። በእርጥብ ጨርቅም እጁን ጠረግሁለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ መሐል መሐላቸውን፣ ንጹሕ እስኪሆን። እያየኝ አስጠረገኝ። ከዚያ ወዲያ እጁን አላነሳም።

ወንድሜ፣ ይህንን ይዤ ነው ያለሁት።

አሁን አንድ የሙያ ነገር ልንገርህ፣ ቀልዴ እንዳይመስልህ። ቅቤ ከሱፍ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ለደንበኛ ወጥቷል እንላለን እንጂ ትንሹ በክሩ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ ገላ ሲያሞቀው፣ አቧራ ሲያገኘው፣ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ጥላው ተመልሶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በዚህ ስንት ሰው ሱቅ ድረስ መጥቶ ጮኾብኛል፣ ስንቴ አፍሬያለሁ። ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ኮቱን አውጥቼ ፀሐይ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ማታ ትከሻውን አያለሁ። ሥራዬ የተበላሸ እንዲሆን ስጸልይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ትናንት አልወጣም። እማማን በቅቤ እጇ እንድትይዝልህ ለመንኳት፤ «የእኔ የእሱን አይሆንም፣ እንደዚሁ ይሂድ» አለች። ስለዚህ እንደዚሁ ላክሁት።

ልበሰው ደገፉ። በሠርግህ ቀን ብቻ ሳይሆን ብርድ በመጣ ቁጥር ልበሰው፣ አቧራ ላይም ልበሰው፣ የአንተ ገላ ያሙቀው። ለላውንደሪ እንዳትሰጠው፣ ምሕረትም እንዳትነካብህ ንገራት፤ ሌላው ሁሉ ይቆሽሽ። ከተመለሰ ጻፍልኝ። ካልተመለሰም ጻፍልኝ፣ ዝም እንዳትለኝ ብቻ። ተናደህብኝ ከሆነም ንዴትህን ጻፍልኝ፣ ከዝምታህ እሱ ይሻለኛል።

እማማ ዓይኗ ትንሽ ደከመ እንጂ ደህና ናት፤ በእንባ ስማሃለች፣ በሠርግህ ቀን ሙሉ ቀን እጸልያለሁ ብላለች። ልጄ ሰገነት አራተኛ ክፍል ገባች፣ አጎቴ ፎቶ ይላክልኝ ትላለች። ጋሽ ነስረዲን «እግዜር ያጽናህ በይልኝ» ብለዋል፤ ይህን ከሰሙ ወዲህ ምልክት የሚለውን ቃል ሱቅ ውስጥ ተዉት፣ ልብሱን ብቻ ይሰጡኛል። እትዬ ሲቲ ለምሕረት ሻሽ ልከዋል፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። የባዳቾ እናት ልጄን እንደ ወንድምህ ያዝልኝ ብላለች። ጎረቤቶቻችን በሙሉ፣ ሙሽሮቹም በሙሉ፣ ሰላም ብለውሃል።

የአባባም ሰላምታ ነበረህ። ትከሻህ ላይ አስቀምጦልህ ነበር፣ እኔ አጠብኩት።

እህትህ ትርፌ ኤርካሎ
ወላይታ ሶዶ
ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.